ክረምት ሲገባ የሚከፈተው ቱቦ



ዝናቡ ሲበረታ፣ ሌሊት ሌሊት በየቦዩ ምን እንደሚወርድ ጠረኑ ከእንቅልፋችን ስለሚቀሰቅሰን ሁላችንም እናውቃለን። ጧት ግን ማንም ምንም አላየም፤ ጐርፉ ጠርጎ ለወንዙ አስረክቦታል። ጉዳዩ በስብሰባ ሲነሳ የሚሰጠው መልስ «ፋብሪካው እንደ ልቡ ሲለቅ የእኛ ጠብታ ምን ታደርጋለች?» የሚል ነው። እኛም የጽዳት ኮሚቴ አባላት ይህንኑ ስንል ኖረናል። እንዲያውም ከመካከላችን ወደ ቦዩ ቱቦ ያወጣ ሰው እንዳለ አንደብቅም።

ፋብሪካው ይጠየቅ፣ በዚህ ክርክር የለንም። ዳሩ ግን የእኛ ጠብታ አይደለችም። ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ዳፕና ዩሪያ የሚሠሩትን ያውቃል፤ ለእህሉ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይሰጡታል። እነዚሁ ሁለቱ በሰው ሽንትና ዓይነ ምድር ውስጥ ሞልተዋል። ማሳ ላይ ቢወድቁ እህል ባሳደጉ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ የሚያሳድጉት አልጌና እምቦጭ ነው። ያ ሁሉ አረንጓዴ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል።

የአዲስ አበባ ወንዝ የት እንደሚደርስ እናስብ። ትንሹም ትልቁም አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ። እምቦጭ በአገራችን መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው በቆቃና በአዋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንቶቻችን አዝነናል፣ መዋጮ ያወጣንም አለን። ለጣና ያዘንን ሰዎች፣ የአባ ሳሙኤሉን እምቦጭ ግን ከገዛ ጓሮአችን እንቀልበዋለን!

«ይህ የታች ሰዎች ችግር ነው» የሚል ካለ ደግሞ የጉድጓድ ውኃን ያስታውስ። ቧንቧ በጠፋ ሳምንት ጀሪካን ይዘን የምንሄደው ወዴት ነው? እናቶች «አፍልተን ነው የምንጠጣው» ይላሉ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ እሱ እውነት ነው። ከሽንት ቤት በአፈር ውስጥ ሰርጎ የሚመጣው ናይትሬት ግን ቀለምም ሽታም የለው፣ በማፍላትም አይወጣም። ውኃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር እንዲያውም ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉ፣ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክሲጅን መሸከም ያቅተውና ሰውነታቸው ይጠቁራል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ስለዚህ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውኃ አይበጥበጥ፣ ቢፈላም!

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቱቦ የሚከፍት ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። በጡረታ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ለፍሳሽ መምጠጫ መኪና የሚከፍሉት ከየት ያመጣሉ? ማኅበራችን ግን ለሠፈሩ መግቢያ የብረት በር ማሠሪያ ብሎ የያዘው ገንዘብ አለ። በእኛ አስተያየት በሩ ይቆይ። ገንዘቡ አቅም ላጠራቸው ቤቶች ከሰኔ በፊት ማስመጠጫ ይዋል። መኪናውም ከቃሊቲው ማጣሪያ መድፋቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ካላመጣ አይከፈለው፤ አለዚያ ከእኛ ቦይ ወስዶ የሌላ ሠፈር ቦይ ውስጥ ቢገለብጠው ምን ተሠራ? ይህ ማስመጠጥ ብቻውን የሚሰርገውን አያቆምም፤ ግድግዳቸው ያልተገነባ ጉድጓዶች ተራ በተራ መገንባት አለባቸው። እሱ ግን የዓመታት ሥራ ነው፣ የቱቦው ግን የዚህ ወር።

በሩን የሚደግፉ ጥቂት አይደሉም፣ ሌባም አስቸግሮናል። የመጪው እሑድ ስብሰባ ይወስን። የማንንም ስም አንጠራም፣ ቤት ለቤትም አንፈትሽም። የኮሚቴው ሰዎች የራሳችንን ቱቦ ቅዳሜ ጧት እንደፍናለን፤ ከግንብ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ያለው ቢያውሰን ደስ ይለናል።

የጽዳት ኮሚቴው