ስለ ሁለት ገጽ ኅትመትና ስለ ቀለም ዓይነት ለነጋዴዎች የቀረበ አሳብ

ወረቀትና ቀለም ለንግድ ሥራ እንደ ሚዛንና እንደ መዝገብ ሁሉ የማይለዩ መሣሪያዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የሽያጭ ውሉ፣ ለባንክ የሚቀርበው ማመልከቻ፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ሰፍሮ ይወጣል። ቀድሞ ይህን ሥራ የጽሕፈት መኪናና ማተሚያ ቤት ይሠሩት ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ቀለም በሚረጭ ትንሽ ፕሪንተር በየሱቁና በየቤቱ ይከናወናል። ይህ መሣሪያ ዋጋው የሚቻል፣ አያያዙም የማያስቸግር ስለሆነ ብዙዎቻችን ገዝተነዋል፤ ከመካከላችንም አስመጥተው የሸጡት ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን በውስጡ ስለሚፈሰው ቀለምና ስለሚያልፍበት ወረቀት የሻጩም ሆነ የገዢው ዕውቀት ከመሣሪያው ጋር እኩል አልተራመደም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት የደረሰብኝ ጉዳት ነው። በክፍለ ሀገር ለሚገኝ ደንበኛዬ የላክሁት የዕቃ ዝርዝር ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል በሁለት ገጽ ታትሞ ከጭነቱ ጋር ተጓዘ። ቀለሙን የሸጡልኝ ሰዎች «ለማንኛውም ፕሪንተር ይሆናል» ከማለት በቀር ስለ ዓይነቱ አንዳች አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በመንገድ ላይ ዝናብ ነካውና ሲደርስ የፊቱ ቍጥር ከጀርባው ቍጥር ጋር ተደባልቆ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደንበኛው ጭነቱን እንደገና አንድ በአንድ መቍጠር ግድ ሆነበት፤ መኪናው ለቆመበት ሁለት ቀንም የከፈልሁት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። በፕሪንተር የሚሠራበት ቀለም በሁለት ዋና ክፍል ይከፈላል። አንደኛው ዳይ የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ በውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟ ቀለም ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ደማቅና ለዓይን የሚያምር ሥዕል ይሰጣል። ሆኖም በተራ ወረቀት ላይ ውሃ ሲያገኘው ይፈሳል፤ ፀሐይ ሲመታውም ፈጥኖ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ፒግመንት ነው። ይህኛው እጅግ ደቃቅ የሆነ ደረቅ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ የሚገኝበት ሲሆን፣ ፈሳሹ ሲደርቅ ቅንጣቱ በወረቀቱ ፊት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ውሃንም ብርሃንንም ይበልጥ ይቋቋማል፤ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ይህ ልዩነት ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቍሩን ቀለም ከጥላሸት ሲያዘጋጁ የሠሩት በዛሬው አጠራር ፒግመንት ነበር። ብራናውንም በሁለቱም ገጽ ይጽፉበት ነበር። ጽሕፈታቸው ብዙ መቶ ዓመት ኖሮ ዛሬም መነበቡ፣ ቀለሙንና የሚጻፍበትን ነገር አስማምተው በመምረጣቸው ጭምር ነው። የዛሬው ፋብሪካ በብዙ ጥቍር ፒግመንት ውስጥ የሚጨምረው ዋናው ነገርም ያው ጥላሸት መሰል ካርቦን ነው።

አሁን ወደ ሁለት ገጽ ኅትመት እንምጣ። ፕሪንተሩ ራሱ የሚገለብጥ ከሆነ የመጀመሪያውን ገጽ ያትምና ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ኋላ ስቦ ገልብጦ ሁለተኛውን ያትማል። የማይገለብጥ ከሆነ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቍጥር ያላቸውን ገጾች፣ ቀጥሎም ሙሉ ቍጥር ያላቸውን በእጅ ገልብጦ ማተም ይቻላል። በዚህ ሥራ ሁለቱም ቀለሞች የየራሳቸው ችግር አላቸው። ዳይ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ በቀጭን ወረቀት ላይ ከጀርባ ይታያል። ፒግመንት በፊቱ ላይ ስለሚቀር ከጀርባ የመታየቱ ነገር ያንሳል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተገለበጠ ወረቀቱን የሚጎትተውን ጎማ ያቆሽሻል፤ ጎማውም ገጹን ያበላሻል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ፕሪንተሮች በሁለት ገጽ ሲያትሙ፣ ጥቍሩን ፒግመንት ትተው ቶሎ የሚደርቁትን የዳይ ቀለሞች ቀላቅለው ጥቍር ያስመስላሉ። ባለቤቱ ግን ውሃ የማይፈራ ጽሑፍ የያዘ ይመስለዋል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አንድ ወረቀት በሁለት ገጽ አትሞ፣ አንድ ቀን አሳድሮ፣ ጫፉ ላይ የውሃ ጠብታ ማሳረፍ ነው።

እንግዲህ ችግር ካለው ሁለት ገጽ ማተሙ ቢቀርስ የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ አሳብ ከሒሳብ ጋር አይስማማም። በወር 2,000 ገጽ የሚያትም ድርጅት በአንድ ገጽ ብቻ ቢጠቀም 4 እሽግ ወረቀት ያወጣል፤ በሁለት ገጽ ቢያትም 2 ይበቃዋል። በዓመት 24 እሽግ ይተርፈዋል ማለት ነው፤ ይኸውም በ80 ግራሙ ወረቀት 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ከበደ ከአስመጪው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መፍትሔው ቍጠባውን መተው ሳይሆን ወረቀቱንና ቀለሙን ለቍጠባው የተስማሙ ማድረግ ነው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ኤ4 የሚባለው ወረቀት ስፋቱ 210 በ297 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ የ80 ግራሙ አንድ ቅጠል 5 ግራም ያህል፣ 500 ቅጠል ያለው እሽግም 2 ኪሎ ከ500 ግራም ያህል ይመዝናል። የ70 ግራሙ እሽግ ግን 2 ኪሎ ከ180 ግራም ገደማ ነው። ቀጭኑ ወረቀት ለአንድ ገጽ ቢሆንም ለሁለት ገጽ አይመረጥም። እንግዲህ ማሸጊያው 80 ብሎ ሚዛኑ ሌላ የሚናገር ከሆነ፣ ሚዛን የሌለው ሱቅ ስለማይኖር፣ እውነቱን ለማወቅ የሚያስቸግር ነገር የለም።

አንዳንድ ባለሱቆች «ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው፤ ዓይነት ብንነግረው አይሰማንም» ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ዳይ ራሱም የሚናቅ ዕቃ አይደለም፤ ፎቶግራፍ ለሚያትም ሰው ተመራጭ ነው። የምንነቅፈው ቀለሙን ሳይሆን ዓይነቱን መሰወሩን ነው። ገዢው የማይጠይቀው ልዩነት መኖሩን ስለማያውቅ ነው፤ ባለማወቁ ወረቀቱ የተበላሸበት ገዢ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። «ለማንኛውም ፕሪንተር ይሆናል» ብሎ መሸጥም እንደ ተራ ንግግር የሚታለፍ አይደለም። ለዳይ በተሠራ መያዣ ውስጥ ፒግመንት ቢጨመር፣ ወይም የማይስማሙ ቀለሞች ቢደባለቁ፣ ከጠጕር የቀጠኑት የመርጫ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ጠቅላላው መሣሪያም ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የእያንዳንዱ ጠርሙስና ካርትሬጅ ቀለም ዳይ ወይም ፒግመንት መሆኑን፣ ጥቍሩንና ሌሎቹን ለይቶ፣ ከፋብሪካው በጽሑፍ ይቀበል፤ የወረቀቱንም ግራም እንዲሁ። ባለሱቁ ይህን በአማርኛ ጽፎ በመደርደሪያው ላይ ይለጥፍ፤ ገዢውንም የፕሪንተሩን ዓይነት፣ የሚያትመውን ነገርና በሁለት ገጽ ማተም አለማተሙን ይጠይቀው። ላኪውም ከዕቃው ጋር የሚሄደውን ሰነድ ውሃ በሚቋቋም ቀለም ማተሙን ሳያረጋግጥ አይላክ። ምክር ቤታችንም ለአባላቱ በዚህ ረገድ አጭር መግለጫ ቢያዘጋጅ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በማሸጊያው ላይ አንድ ቃል መጻፍና በሽያጭ ጊዜ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው። የነጋዴ ትልቁ ሀብት ቃሉ መታመኑ ነው፤ ቃሉም የሚሰፍረው በወረቀት ላይ ነውና፣ ዝናብ ሲነካው የማይጠፋ እንዲሆን ማድረግ ይገባናል።