የጋለ ድንጋይና ይሉኝታ

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ ሰፈር፣ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ጎረቤት አሉኝ። ከጧት ጀምረው በጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው መወርወሪያውን እያመላለሱ፣ በእግራቸው መርገጫውን እያፈራረቁ ይውላሉ፤ ማታ ሲነሡ ግን ወገባቸው አልቀና ይላቸዋል። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ሳምንት፣ አባቴ ከወገብ ሕመሙ ይረፍልኝ ብሎ በጋለ ድንጋይ ወደሚያሹበት አንድ የማሳጅ ቤት ወሰዳቸው። አሳቡ የተባረከ ነበር።

እዚያም ለስላሳ ጥቁር ድንጋዮች ከሙቅ ውሃ እየወጡ በጀርባቸው ላይና በውስጥ እግራቸው ሥር ተደረጉላቸው። የምታሻቸው ልጅ «አባባ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ደህና ነው ልጄ» አሉ። በእውነቱ ጀርባቸውን እየለበለባቸው ነበር፤ ነገር ግን ልጄ ከፍሎልኝ፣ ይህችም ደክማልኝ፣ እንዴት ተቃጠልሁ እላለሁ ብለው በይሉኝታ ዝም አሉ። እግራቸው ደግሞ ጭራሽ አልተሰማቸውም፤ ብዙ ዘመን የቆየ የስኳር በሽታ አለባቸውና። በማግሥቱ ውስጥ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ቁስሉ እስኪሽር ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ እስከዚያ ድረስ መርገጫውን መርገጥ አልቻሉም። ሸማኔ ካልረገጠ ደግሞ ገቢ የለውም።

ታዲያ ጥፋቱ የድንጋዩ ነውን? አይመስለኝም። ሙቀት ለሕመም ማስታገሻ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ በፍልውሃ ይታጠቡ እንደ ነበርና አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት እንደ ተቆረቆረች ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በማሳጅ ቤቶች የምናየው አሠራር ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ሜሪ ኔልሰን የምትባል አሜሪካዊት በአሪዞና ከጀመረችው ወዲህ የተስፋፋ ነው። ድንጋዩም አብዛኛውን ጊዜ ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ከወጣ አለት የረጋ፣ እኛ ጥቁር ድንጋይ እያልን ለቤት መሠረትና ለአጥር የምንጠቀምበት ዓይነት ማለት ነው።

በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ልዩ ልዩ ጥናቶችን መርምሮ የወጣ አንድ ግምገማም፣ ሙቀት ብዙ ያልቆየ የወገብ ሕመምን ለአጭር ጊዜ በመጠኑ እንደሚያስታግስ አመልክቷል። ማስታገስ ግን ማዳን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሸማኔም ሆነ ከጠረጴዛው የማይነሣ ጸሐፊ፣ አቀማመጡን ካላስተካከለና በየጊዜው ተነሥቶ ካልተንቀሳቀሰ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣበታል።

ከዚህም በላይ ማርም ሲበዛ ይመራል። ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ሙቀት ቆዳን ለማቃጠል 6 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት 60 ዲግሪ የሆነው ግን 5 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ በ16 ዲግሪ ልዩነት 6 ሰዓት ወደ 5 ሴኮንድ ወረደ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ድንጋዩን ከሚፈላ ውሃ አውጥቶ በእጅ ዳብሶ «አሁን ደህና ነው» ማለት እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ሙቀት የለመደ እጅ የሌላውን ቆዳ አያውቅም።

ስለዚህ ባለሙያው በሙቀት መለኪያ ይለካ፤ ድንጋዩን በአንድ ቦታ አያቆይ፤ ማቆየት ካስፈለገውም ጨርቅ ያድርግበት። ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ እግር መደንዘዝ፣ ስለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ ስለ እርግዝናና ስለ ቁስል ይጠይቅ። «ሞቀዎት?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው «ደህና ነው» ማለቱ አይቀርምና። ከእናንተ ከወጣት ሹማምንት መካከልም ነገ ለእንዲህ ያለው ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ወይም የሚቈጣጠር ይኖራል፤ የመስተዋቱንና የመጋረጃውን ማማር ከማየቱ በፊት መለኪያው የት እንዳለ ይጠይቅ።

የእኛም ድርሻ አለ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ይሉኝታ በማዕድና በሸንጎ ያማረ ጠባይ ነው፤ ሰውነትን ለእሳት በሰጡ ጊዜ ግን ስፍራው አይደለም። ያ ደግ ልጅ ለአባቱ ብር አውጥቶላቸዋል፤ ከብሩ ጋር «አባቴ ስኳር አለባቸው» የምትለውን ቃል ቢጨምርላቸው ኖሮ ስጦታው ሙሉ ይሆን ነበር።