የተመረቅነውን ዕድሜ የሚቀበል ቤት

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች በምርቃት ያደግን ሰዎች ነን። ጠብ ሲነሳ አበጋሮቻችን ተቀምጠው ያስታርቁናል፤ ጭንቅ ሲመጣ ዱበርቲዎቻችን ዱዓ ያደርጉልናል፤ ቄሱም ሼሁም «ዕድሜ ይስጣችሁ» ይሉናል። እኛም አሜን እንላለን። የተመረቅነው ዕድሜ ሲመጣ ግን በየትኛው ቤት ልንቀበለው ነው?

ቤቶቻችንን እንያቸው። ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ራቅ ብሎ የተቆፈረ፣ መቀመጫም መደገፊያም የሌለው ነው፤ ምድጃው መሬት ላይ ነው። እናታችን ከምጣዱ የምትነሳው ወገቧን ይዛ ነው። ምርኩዝ የያዘ አባት ደፉን መሻገር ሲያቅተው ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመስጊዱ፣ ከመንደሩ መረዳጃ ከቅሬው ይቀራል። እኛም ምክሩን እናጣለን። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ እየመጡ ከእግራቸው ሥር ተምረዋል። በዚህ ምድር ዕውቀት የሚገኘው ከአረጋዊ ዘንድ ነው፤ አረጋዊን ቤት ውስጥ የሚያስቀር ደፍ እንዴት እንሠራለን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ጠይቋል። የመኖሪያ ቤታችን ጉዳይ ግን በእኛ እጅ ነው። በፎገራ ወረዳ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት አዘጋጅቶ ይንከባከባቸዋል። እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን።

ቁሳቁሱ በእጃችን ነው። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይከላከላል፣ የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። ከቆርቆሮው የሚወርደው የዝናብ ውኃ በርሜል ከተደቀነለት አሮጊት እናት በእንስራ ዳገት አትወጣም። ግንበኛው በሩን ያስፋው፣ ደፉን ዝቅ ያድርገው። አናጢው ከመኝታው እስከ ሽንት ቤቱ የወይራ መደገፊያ ይዘርጋ። ምድጃው እስከ ወገብ ይነሳ። አንዲት ክፍል ደግሞ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዛ ትሠራ፤ ዛሬ የልጆች መኝታ፣ ነገ የአስታማሚ ማደሪያ እንድትሆን። ከዓረብ አገር ላቧን አንጠፍጥፋ ብር የምትልክ እህታችን ሆይ፣ ለእናትሽ ቤት ስታሠሪ ከሚያንሸራትተው ሴራሚክ በፊት መደገፊያውን እዘዢ።

ዘንድሮ አዝመራው ሲገባ፣ ቅሬያችን በሚሰበሰብበት ቀን፣ በየመንደሩ ብቻቸውን የቀሩትን አረጋውያን ስም እንጥራ። ድንጋይ ያለው ድንጋይ፣ በሬ ያለው በሬ፣ እጅ ያለው እጁን ይዞ ለደቦ ይውጣ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን አባት ደፍ ያስተካክል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኗን እናት ምድጃ ያንሳ። ልጅ ከሌላቸው እንጀምር።