አብያታን ከነውኃው እናቆየው

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ከመኪና መስኮት ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ሻላ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ፍል ውኃ ይንተከተካል፤ የአካባቢው ሰው በቆሎ ይቀቅልበታል።

የአብያታ ነገር ግን አብዝቶ ያሳስበናል። ጥልቀት የሌለው ይህ ሐይቅ ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ውኃ ይተኛበት የነበረው ቦታ ነጭ ጨው የጋገረ ሜዳ ሆኗል፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ጭቃ ነውና መኪና ይውጣል። ጥፋቱ የድርቅ ብቻ አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ተስቧል። ጨዋማነቱ ሲያይል ዓሣው ተመናመነ፤ በሻላ ደሴቶች ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም ቀለባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ።

ስለዚህ የውኃ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ለአብያታ የሚደርሰውን ድርሻ አስቀድመው ይወስኑ፤ ለመስኖ የሚታደለው ከዚያ የተረፈው ይሁን። ችግር አስገድዶት የፓርኩን ግራር እየቆረጠ ከሰል የሚያከስለው ነዋሪ ከጎብኚው ገቢ ተጠቃሚ ይሁን። ጎብኚም የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ በእግሩ ይዙር፤ ፎቶ ለማንሣት ብሎ በሐይቁ ያሉትን ፍላሚንጎዎች አያባርር። ይህ ሁሉ በአቅማችን ያለ ነው፤ ሐይቁ ሳይደርቅ ዛሬውኑ ይጀመር።