ሙሽራ ሲገባ ድመት በጆንያ ይውጣ ያለው ማነው?



ከጁሙዓ በኋላ ወጣቶች ይዘውልን ከሚመጡት ጥያቄ አንዱ ሰሞኑን ተደጋግሟል። «ድመታችን ተመርምራ የሉኪሚያ ቫይረስ አለባት ተባለ። አሁን ደግሞ ኒካሕ ደርሷል» ይላል አንዱ። ሌላው «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት»፣ ሌላው «ቤት ልንቀይር ነው» ይላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ አላህን ይፈራል። ያስቆጣን ዘመድና ጎረቤት ቀድመው የሰጡት መልስ ነው፦ «ነጃሳም ናት፣ በሽተኛም ናት፤ በጆንያ ከተህ ገበያ ጣላት!»

ይህ መልስ በዲንም በሕክምናም ስህተት ነው። ዝም ብለን አናሳልፈውም።

ከዲኑ እንጀምር። ድመት ነጃሳ ናት የሚለውን ከየት አመጣችሁት? አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡትን የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። የልጃቸው ሚስት ከብሻ የውዱእ ውሃ ስትቀዳላቸው ድመት መጣች፤ እሳቸውም እንድትጠጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። ምራታቸው በመገረም ስትመለከት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን እንዳስተማሩ ነገሯት። ልብ በሉ! በዚያ ቤት ለልጅ ሚስትም ለድመትም ቦታ ነበር። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ነጃሳ ነው፤ ይታጠባል፣ የሶላት ቦታም ይጠበቃል። ድመቷ ራሷ ግን ነጃሳ አይደለችም።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1964 በስኮትላንድ፣ ግላስጎው፣ በዊልያም ጃሬትና በባልደረቦቹ የተገኘ ነው። ሰው «ሉኪሚያ» ሲባል የደም ካንሰር ይጋባብናል ብሎ ይሸበራል። ነገር ግን ይህ የድመቶች ቫይረስ ነው፤ ሰውን እንደሚይዝ የታየ ነገር የለም። ሙሽራዋንም ሕፃኑንም አይነካም። ከድመት ወደ ድመት የሚሄደው በዋናነት በምራቅ ነው፤ ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲናከሱ። እናትም ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ሳሙናና በረኪና ያጠፉታል።

በሽታው ቀላል ነው አላልንም። የመከላከል አቅምን ያዳክማል፣ ደም ማነስና ዕጢ ያመጣል፣ ፈውስም የለውም። ቢሆንም አንዳንዶቹ ቫይረሱን ተቋቁመው ለዓመታት ይኖራሉ። የመጀመሪያው ምርመራም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሐኪም በሌላ ምርመራ ያረጋግጠዋል።

አሁን ገበያ የምትጣለዋን ድመት አስቡ። በቤት ያደገች፣ አቅሟ የደከመ፣ ውሻና መኪና የማታውቅ ናት። እሷ በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ከመሞቷ በፊት ደግሞ ቫይረሱን ለሰፈሩ ድመቶች ልታዳርስ ትችላለች። የታመመ ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት በቡኻሪና ሙስሊም ተዘግቦ የለምን?

አንድ ብልጥ ተከራካሪ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በድመት ምክንያት የተቀጣችው ሴት እኮ የተቀጣችው ስላሰረቻት ነው። ብትለቃት ኖሮ ነፃ ትወጣ ነበር። እኛም እንለቃታለን።» ሱብሓነላህ! ያቺ ሴት የተወቀሰችው ራሷ ሳትመግብ፣ ድመቷም ከምድር ለቅማ እንዳትበላ ስለከለከለቻት ነው። መልቀቅ ማለት በልታ እንድትኖር መንገድ መክፈት ነው። አድና መብላት የማትችለውን በጆንያ አስሮ በማታውቀው ሰፈር መጣል ግን ያንኑ ረሃብ ከዓይናችን ማራቅ ብቻ ነው።

«ሰው በሚራብበት ጊዜ ስለ ድመት ትሰብካላችሁ?» የሚለንም አለ። የልጅህን ጉሮሮ ዘግተህ ለድመት መድኃኒት ግዛ አላልንም። ግን ለድንኳንና ለቪዲዮ ገንዘብ ያላጣ ሰርግ ለአንዲት ድመት ፍርፋሪ አጣ ብንባል ማን ያምነናል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ድመቷ ከቤት አትውጣ፤ ሌላ ድመትም አይግባባት። ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ አንድ ክፍል ስጧት፤ የለመደችውን ጨርቅ ሳታጥቡ አንጥፉላት፤ የምትደበቅበት ካርቶን አይጥፋ። ጭንቀት እንዲህ ያለችውን ድመት ይበልጥ ይጎዳታል። ሰርግ ሲደገስም ከግርግሩ አርቋት። ምግቧ በሰዓቱ ይሁን፤ ከአንድ ቀን በላይ ካልበላች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። በዒድ አል-አድሓ ጥሬ ጉበት አትወርውሩላት፤ ቀቅሉላት።

ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ሌላ ተውሳክ ነው። ስለዚህ የድመቷን መጸዳጃ ባል በየቀኑ ያጽዳ፤ ሚስት አትንካው። በዚያው ጥሬ ሥጋና ያልታጠበ ሰላጣም ይቅር፤ ተውሳኩ በእነሱም ይመጣልና። ድመት አባርሮ ጥሬ ክትፎ ማቅረብ ጥንቃቄ አይባልም።

በእርግጥ ማቆየት ያልቻለ፣ ሌላ ድመት የሌለው ተቀባይ ይፈልግ፤ በሽታዋንም ሳይደብቅ ይንገር። መደበቅ ማጭበርበር ነው።

ወጣቶች ሆይ! ትዳር፣ ልጅ፣ አዲስ ቤት የአላህ ኒዕማዎች ናቸው። ለኒዕማ ምስጋናው በእጃችን ያለውን ደካማ ፍጡር መጣል አይደለም። እህታችን ሙሽሪትም ወደ ቤትህ ስትገባ አስተውላ ታያለች፤ የታመመን የማይጥል ሰው ማግባቷን ብታውቅ ልቧ ያርፋል።

አላህ ለደካማ ከሚያዝኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።