ለጤና ሚኒስቴር፦ ከዓይን ጀርባ የተቋጠረ ደም ሪፈር አይጠብቅም

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

በሪፈራል ሆስፒታል የምሠራ የዓይን ሐኪም ነኝ። የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም። በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች አንዲት ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንዲሠለጥኑልን ነው።

ዱላ ያረፈበት፣ ከባጃጅ የወደቀ ወይም በቅሎ የረገጠችው ሰው ከዓይኑ ጀርባ ደም ሊቋጥር ይችላል። የዓይን ጎድጓዳ ዙሪያው አጥንት ስለሆነ ደሙ መውጫ የለውም። ዓይኑ ይፈጣል፣ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ የዕይታ ነርቩም ደም ያጣል። ነርቩ ይህን የሚታገሠው ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዓይኑ ራሱ ካልፈነዳ በቀር መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ሊዶካይን ወግቶ በጆሮ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በመቀስ መክፈት፣ ከዚያም የታችኛውን የዓይን ቆብ ከአጥንቱ ጋር የያዘውን ጅማት ማላቀቅ። ሲቲ ስካን አይጠበቅም። መቀሱም ማደንዘዣውም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አለ።

እኛ ጋ የሚመጣው ታካሚ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ተጽፏል። ያበጠውን ቆብ በሁለት ጣቴ ፈልቅቄ ባትሪ ሳበራበት ብሌኑ አይኮማተርም። ከዚያ በኋላ የምሠራው ዕይታውን ለመመለስ ሳይሆን መልኩን ለማስተካከል ነው። ወረቀቱን የጻፈውን ሐኪም አልወቅስም፤ ማንም አላስተማረውም።

ዓይናቸውን የተመቱ ሕፃናት ነገር ለብቻው ያስጨንቀኛል። የልጅ አጥንት ለምለም ስለሆነ የጎድጓዳው ወለል ተሰንጥቆ መልሶ ይገጥምና የዓይኑን ጡንቻ ነክሶ ይይዘዋል። ዓይኑ ብዙም አያብጥም፣ አይቀላም። ልጁ ግን ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው ተብሎ ይተኛል። ጡንቻው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተለቀቀ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ እያየ ሊቀር ይችላል። የአዋቂዎች ስብራት አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ እስኪጎድል ይታገሣል።

ሚኒስቴሩ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወረዳ ድረስ እናቶችን በኦፕራሲዮን ማዋለድ እንደሚቻል አሳይቷል። ይህችን የዓይን ጥግ የመክፈት ትንሽ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በዚያው ሥልጠናና በጠቅላላ ሐኪሞች ኢንተርንሺፕ ውስጥ ያስገባልን። ከሥጋ ቤት በሚገኝ የበግ ጭንቅላት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልናለማምዳቸው እንችላለን። የሪፈር ወረቀቱም ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት፣ የማየት አቅሙና የብሌኑ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ ይኑረው። ለማሠልጠን ፈቃደኞች ነን፤ ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዓይን ሐኪም