መርፌውን ያዘዝነው እኛ ወንዶች ነን

ዛሬ ስለ ምዝገባና ስለ መታወቂያ አይደለም የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ ትቆጡኛላችሁ። ተቆጡ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

በቅርቡ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እዚህ ካርቲየ ሰባት ቤቴ መጣች። «ቲቸር፣ ለሕክምና ፍራንክ ጎደለኝ» አለችኝ። «ምን አመመሽ?» ስላት አለቀሰች። ውጭ አገር ያለ ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ልኳል። እናቱ ደግሞ በስልክ «ልጃገረድ ናት አይደል?» ብለው ጠይቀዋል። ስለዚህ ልትሰፋ ነው። ድንግልና «የሚመልስ» ኦፕራሲዮን አለ ብለዋታል።

በስደት መንገድ ላይ ምን እንደደረሰባት እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ይገባዋል። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ መለያዋን ቀይሬዋለሁ። ማን ናት ብላችሁ ኢንቦክስ እንዳትልኩልኝ።

«የራሷ ምርጫ ነው» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ምርጫ? እምቢ ካለች ትዳሩ ይቀራል፣ ከዚህ የመውጣት ተስፋዋ ይቀራል፣ ስሟ ይጠፋል። ይህ ምርጫ ሳይሆን ቀረጥ ነው። ቀረጡን የጣልነው ደግሞ እኛ ነን።

እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ሌሊት አይደሙም። ስስ ሽፋኑ ከሴት ሴት ይለያያል። ሐኪምም ቢሆን አይቶ «ይህች ወንድ ታውቃለች፣ ይህች አታውቅም» ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። እንግሊዝ በ2022 ምርመራውንም መስፋቱንም ወንጀል አድርጋለች። ያ መርፌ የሚያድነው በሽታ የለም። የሚሠራው አንድ ሌሊት ደም እንዲፈስና አንድ ወንድ እንዲኮራ ነው።

«እኛ እንደ ጎረቤቶቻችን ልጅ አንሰፋም» የምትሉም አትቸኩሉ። በምንኖርበት በጅቡቲ የሴት ልጅ ግርዛት ከ1995 ጀምሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 333 ተከልክሏል፤ ቅጣቱ 5 ዓመት እስርና 1 ሚሊዮን ፍራንክ ነው። ግን አልጠፋም። እኛስ? በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ምላጭም ይሁን መርፌ፣ በአያቶች እጅም ይሁን በነጭ ጋውን፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ወንድ ይቀበላታል ወይ?»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ታላቅ እህቴ ስትዳር ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ ሚዜዎቹ ብር አምባር ብለው ያን ጨርቅ ይዘው ሲመጡ አብሬ ጨፍሬያለሁ። እህቴ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

መለወጥ አይቻልም አትበሉኝ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ሲታገሉ፣ በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን ጽፋ ደረቷ ላይ ለጥፋ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራውም እንዲህ ያለችውን ሴት በማግባቱ እንደሚኮራ ጽፎ አጠገቧ ቆመ። ልብ በሉ፣ እሱም ቆመ። ነገሩ የሚሰበረው ሙሽራው ሲናገር ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለእናትህ ቀድመህ ደውል። «እማዬ፣ ይህን እንዳትጠይቂያት» በላት። ሚዜ ከሆንክ ጨርቅ አትሸከም። እናቶቼ፣ እናንተም የተጠየቃችሁትን ለልጆቻችሁ አታውርሱ።

ለዚያች እህቴ «ለሐኪም ምርመራና ለምክር ከሆነ ያለኝን እሰጥሻለሁ፣ ለመርፌው ግን አልሰጥም» አልኳት። ዝም ብላ ሄደች። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ለእሷ እምቢ ማለት ቀላል ነበር። እምቢ ሊባል የሚገባው ስልኩን የደወለው ቤት ነው።

ዝም ያልነው ይበቃል። ሼር ባታደርጉት እንኳ ዛሬ ማታ ለወንድሞቻችሁ አንብቡላቸው።